ብዩን ሁሉ የጠቀለለ ልጅ

አማርኛችን «ጨዋታ» የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር ይጠቀምበታል። ኳሱም፣ ገበጣውም፣ ካርታውም ጨዋታ ነው፤ ወሬውም ጨዋታ ነው። ወልድያ ላይ ቡና የቀረበለት እንግዳ «እስቲ ተጫወት እንጂ» ቢባል ከኪሱ ካርታ አያወጣም፤ ወጉን ይጀምራል። ዝም ካለ ደግሞ «ምነው ተከዝክ?» ይባላል። ሁለቱ ነገሮች አንድ ስም የተጋሩት እንዲሁ አይመስለኝም። ሁለቱም ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። ብቻውን የሚያወራ ሰው ምን እንደሚባል እናውቃለን። ገበጣ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ለሁለት የሚጫወትም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ታዲያ ጨዋታ ስንት ያወጣል?

ይህን ጥያቄ ሐብሩ ቆላ ከብት ለሚጠብቁ ልጆች ብታቀርቡላቸው ይስቁባችኋል። መሬቱን ጫር ጫር አድርጎ ጉድጓዱን ማበጀት፣ ከወንዝ ዳር ጠጠር መልቀም፣ ጓደኛን መጥራት፤ በቃ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣ ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ በላይ የአጨዋወት ዓይነቶችን መዝግበዋል። ይህን ያህል ዓይነት ጨዋታ ያፈራ ሕዝብ ለዕቃው የከፈለው ዋጋ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ደግሞ እኔ በማውቀው ገበጣ ሁለቱ ተጫዋቾች የሚጀምሩት በእኩል ጠጠር ነው። የባለጸጋ ልጅ ስለሆነ ሁለት እፍኝ ተጨምሮለት የሚቀመጥ የለም። ካርታም ቢሆን እንደዚያው ነው። አንድ ባለ 52 ካርታ ከተገዛ ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃል። ጠርዙ ተልጦ፣ ጀርባው ወዝቶ፣ አንዱ ጠፍቶ በካርቶን ቁራጭ እስኪተካ ድረስ ሲጫወቱበት ይከርማሉ። የአስ ባለቤት ነኝ የሚል የለም። አስ ለደረሰው ነው፤ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ለሌላው ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1993 ሪቻርድ ጋርፊልድ የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሰው ይህን ነገር የሚገለብጥ ጨዋታ አወጣ። ስሙ «ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» ነው። በዚህ ጨዋታ ሁሉም የሚካፈሉት የጋራ ካርታ የለም። እያንዳንዱ ተጫዋች ራሱ ገዝቶ ያጠራቀመውን ካርድ ይዞ ይመጣል። ካርዶቹ የሚሸጡት በታሸገ ጥቅል ነው፤ ጥቅሉ ካልተከፈተ ምን እንደደረሰው ገዢው አያውቅም። አብዛኛው ተራ ካርድ ነው። ጥቂቱ ብርቅ ነው። በ1996 ደግሞ ጃፓኖች የፖኪሞንን ካርድ በዚሁ መንገድ አወጡ፤ የዓለም ልጅ ሁሉ አበደ። ጨዋታው ብልሃት አለው፤ ማሰብን ይጠይቃል፤ የማይተዋወቁ ሰዎችን በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጣል። ይህን መካድ አይቻልም። ግን ከመጀመሪያው አንድ ነገር ተሸክሞ መጥቷል። ካርዱ መጫወቻ ብቻ ሳይሆን ንብረትም ነው፤ ብዙ የገዛ ሰው ብርቅ ካርድ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል።

ከዚያ ዋጋው ወጣ። የኮሮና ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ2020 ሰውን ሁሉ ቤቱ ሲያስቀምጠው የልጅነት ካርዱን ከሳጥን ያወጣው በዛ፤ ካርዱ ስንት እንደሚያወጣ የጠየቀውም በዛ። በግንቦት 2021 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት በአንድ የታርጌት መደብር መኪና ማቆሚያ በካርድ የተነሳ ጠብ ተነስቶ ሽጉጥ እስከ መምዘዝ ተደረሰ። ኩባንያውም ለደንበኞቼ ደኅንነት ብሎ ካርዶቹን በመደብሮቹ መሸጥ ለጊዜው አቆመ። በዚያው ዓመት ሎጋን ፖል የተባለው የዩቲዩብ ሰው አንዲት የፒካቹ ካርድ በ5 ሚሊዮን 275 ሺህ ዶላር ዋጋ ገዝቶ ስሙ በጊነስ መዝገብ ሰፈረ። በ2022 ደግሞ የማጂክ አሳታሚ የጨዋታውን 30ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ አራት ጥቅል፣ በጠቅላላው 60 ካርድ፣ በ999 ዶላር አቀረበ። ጥቅሉ ውስጥ ምን እንዳለ አሁንም አይታወቅም። ከሁሉ የሚገርመው ግን እነዚህ ካርዶች በይፋዊ ውድድር ላይ አይፈቀዱም። የመጫወቻ ካርድ በሺ ዶላር ትገዛለህ፤ ውድድሩ ላይ ግን ይዘኸው እንዳትመጣ ትባላለህ።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ማክሰኞ ማክሰኞ የወልድያን ገበያ ከዳር እስከ ዳር የዞረ ሰው ጤፍና ማሽላ፣ በርበሬና ፍየል ያገኛል፤ የፖኪሞን ካርድ ማግኘቱን ግን እንጃ። ካርዱ ወደ እኛ የሚመጣው ቢመጣ ከውጭ በገባ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ነው። ቢሆንም ሒሳቡን እንየው። የአንዱ የፖኪሞን ጥቅል የአሜሪካ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ3.99 ዶላር ወደ 4.49 ዶላር ከፍ አለ። ለአሜሪካው ልጅ ጭማሪው ሃምሳ ሳንቲም ነው። እኛ ዘንድ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር ከዓመት በኋላ ከ130 ብር በላይ ሆነ። ያው ባለ 4.49 ዶላር ጥቅል ከ256 ብር ወደ 584 ብር ዘለለ ማለት ነው። ካርዱ ያው ነው፤ ሥዕሉም ያው ነው። ካርዱን አሳታሚው ሳያስወድደው ለወልድያ ልጅ ከእጥፍ በላይ ተወደደበት። ይህ በካርድ ብቻ የቆመ አይደለም። ከውጭ የሚገባው የእግር ኳስ፣ የፕሌይስቴሽኑ መያዣ፣ የልጆች ብስክሌት ሁሉ በዚሁ በር ነው የሚገባው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ አልፌው መሄድ አልፈልግም። ወሎ ላይ ቆሞ ስለ መጫወቻ ዋጋ ማውራት ነውር አይደለም ወይ? በ1966ም በ1977ም ረኃብ ያየ አገር ነው። ጤፍ በተወደደበት ዘመን ካርድ ተወደደ ብሎ ማልቀስ ቅንጦት ይመስላል። እውነት ነው፤ እህል የደበቀና ካርድ የደበቀ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። የመጀመሪያው የሰው ነፍስ ላይ ፈርዷል። ሁለተኛው ቢበዛ ሰውን አስቀይሟል።

ነገር ግን ስለ ዋጋ እንዴት ማሰብ እንዳለብን ለዓለም ትልቅ ትምህርት የተገኘው ከዚሁ ከወሎ ረኃብ ነው። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን ረኃብ ሲመረምር አንድ እንግዳ ነገር አገኘ። ሰው በሚያልቅበት ጊዜ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም ነበር። እህል ነበረ፤ ዋጋውም ጣሪያ አልነካም፤ ገበሬው ግን አዝመራው ጠፍቶ፣ ከብቱ አልቆ እህሉ ዘንድ የሚደርስበት እጅ አልነበረውም። ከዚህ የምንማረው ዋጋ ብቻውን ብዙ እንደማይናገር ነው። «ስንት ሆነ?» ከሚለው ጥያቄ ጀርባ «ማን ዘንድ ይደርሳል? ማን ቀረ?» የሚል ጥያቄ አለ። ረኃብንና ጨዋታን ላመሳስል አይደለም። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ግን ወደ ትንሹም ነገር ይዘነው መሄድ እንችላለን።

ጨዋታ ዳቦ አይደለም። ግን ልጅ ዳቦ በጠፋ ጊዜም ይጫወታል። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ወልድያ በጦርነቱ ተይዛ በቆየችባቸው ወራት መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፕሌይስቴሽን ዕቃ ሆኖ ይቀመጣል። ሰኞ ማክሰኞ ግን ከሰል ቁራጭ ብቻ ይፈልጋል፤ ቅልልቦሽም አምስት ጠጠር። ሰው ሁሉ ነገሩ ሲወሰድበት ምን እንደሚቀረው ማወቅ የፈለገ፣ ልጆች በዚያን ጊዜ በምን እንደሚጫወቱ ይመልከት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መጫወቻውን የሚያስወድደው ማን ነው? ተጫዋቹ ነው? ጥቂት ብቻ። ተጫዋች የሚፈልገው ለጨዋታው የሚበቃውን ያህል ነው። አንድ ካርድ አራት ካለው አምስተኛው አያስፈልገውም። ዋጋውን ወደ ላይ የሚገፋው የማይጫወትበት ሰው ነው። እሱ ዘንድ ጥቅሉ የሚገዛው እንዳይከፈት ነው፤ ነገ ይወደዳል ተብሎ። ወይም ተከፍቶ ብርቁ ካርድ ከተገኘ እጅ ሳይነካው ተልኮ ይመዘናል፣ ከአስር ስንት እንደሆነ ነጥብ ይሰጠዋል፣ ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ይታሸጋል። ከዚያ በኋላ ማንም አይጫወትበትም። የተጫወቱበት ካርድ ጠርዙ ይላጣል፤ ጠርዙ የተላጠ ካርድ ዋጋው ይወርዳል።

የእኛ አገር ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። አሞሌን ያስታውሷል። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የሚወጣው ጨው ለብዙ ዘመን በሰሜን ኢትዮጵያ ገበያዎች ገንዘብ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየውና ላሊበላንም ያየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል፣ ከሚወጣበት ቦታ በራቀ ቁጥርም ሲወደድ አይቶ ጽፏል። አሞሌ እንዳይሰበር በልጥ ይጠፈር ነበር፤ የተሰበረ አሞሌ ዋጋው ይቀንሳልና። ጨው የተፈጠረው ለወጥ ነው። ገንዘብ ሲሆን ግን ወጥ ውስጥ መጨመሩ ኪሳራ ይሆናል። ባለ ጨዉ ጨው ተሸክሞ አልጫ ይበላል። አሪስቶትል ጫማ ሁለት ጥቅም አለው፣ አንዱ መጫማት ሁለተኛው በሌላ ዕቃ መለወጥ፣ ጫማ የተሠራው ግን ለመለወጥ አይደለም ያለው ይህንኑ ነው። ካርዱም ፕላስቲክ ውስጥ ሲገባ አሞሌ ሆነ ማለት ነው።

ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። አሞሌ ቢጨንቅ ይላሳል። የመርሳ ማንጎ ደግሞ ተደብቆ ዋጋ ልጠብቅበት ቢባል ይበሰብሳል፤ ተፈጥሮ ራሷ ደባቂውን ትቀጣዋለች። ካርድ ግን አይበሰብስም፤ አይበላምም። ዋጋው በሙሉ የቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሰዎች ተጫውተውበት ስለወደዱት ላይ። በ1990ዎቹ በየትምህርት ቤቱ ጥግ ቁጢጥ ብለው የተጫወቱ ልጆች ባይኖሩ ኖሮ ያቺ የ5 ሚሊዮን ዶላር ፒካቹ የቢጫ አይጥ ሥዕል ነበረች። ክብሩን የሰጧት ልጆቹ ናቸው፤ ትርፉን የወሰደው ሌላ ነው። «አንተ ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ ያለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል» የሚለው የአባቶች ተረት ለካርድም ይሠራል። ማንም የማይጫወትበት ካርድ ውሎ አድሮ ወረቀት ነው።

በሌላ ወገን የሚባለውንም እንስማ። «ገንዘቤ ነው፤ የፈለግሁትን ልግዛ፤ ማንን ገደልኩ?» ይላል ሰብሳቢው። አልተሳሳተም፤ ማንንም አልገደለም። ደግሞ ሰብሳቢ ሁሉ ስግብግብ አይደለም። አንዳንዱ ሥዕሉን ስለሚወድ፣ ልጅነቱን ስለሚያስታውሰው ነው የሚያስቀምጠው። አንዳንዱም ክፉ ቀን ሲመጣበት ካርዱን ሽጦ የትምህርት ቤት ይከፍላል። ኩባንያውም ቃል የገባበት ነገር አለ። የማጂክ አሳታሚ በ1995 የድሮ ካርዶችን ደግሞ ሲያትም ሰብሳቢዎች ንብረታችን ረከሰ ብለው ጮኹ። በ1996 አሳታሚው የድሮ ካርዶችን ስም ዘርዝሮ እነዚህን ዳግመኛ አላትምም ብሎ ቃል ገባ። ቃልን መጠበቅ ደግ ነው። ግን ያ ቃል ለማን ተገባ? ቀድሞ ለያዘው። በሚቀጥለው ዓመት ጨዋታውን የሚማረው፣ ያን ጊዜ ገና ያልተወለደው ልጅ በሽምግልናው ላይ አልተጠራም። ያለው ሰው ንብረት እንዳይረክስ ሲባል የሌለው እንዳይገባ በሩ ተዘጋ።

ይህ ፍትሕ ነው አይደለም የሚለውን ለመፍረድ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የብይ ጨዋታ የተጫወተ ሰው ያውቀዋል። በየሰፈሩ አንድ እጁ የማይስት ልጅ አለ። እየመታ፣ እየወሰደ የጓደኞቹን ብይ ሁሉ ይጠቀልላል። ኪሱ ይከብዳል፤ ሲሮጥ ይንሿሿል። ያን ቀን ንጉሥ ነው። በማግስቱ ግን ሲመጣ ሰፈሩ ጭር ይላል፤ ብይ ያለው የለምና። ያኔ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ብዩን ቆርቆሮ ውስጥ ከትቶ አልጋ ሥር ማስቀመጥና አልፎ አልፎ መቁጠር ነው። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ልጅ አምስት አምስት ማበደርና «በሉ እንጀምር» ማለት ነው። ብልሁ ልጅ ያበድራል። ጽድቅ ፈልጎ አይደለም፤ መጫወት ፈልጎ ነው። ብይ ያለ ተጫዋች መስታወት መሆኑ ማንም ሳያስተምረው ገብቶታል።

እንግዲህ ለጨዋታ ዋጋ መለኪያ ካስፈለገን ከዚህ ልጅ መውሰድ እንችላለን። ለጨዋታ ገንዘብ ማውጣት በራሱ ክፉ አይደለም። ወልድያ ላይ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ብዙ ገንዘብ ፈስሶበታል። ግን ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ወንበር አስገኝቷል። ያ ገንዘብ ሰው ጨመረ። የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ የታሸገው ካርድ ደግሞ ሰው ይቀንሳል። ስለዚህ ስለ አንድ ጨዋታ ዋጋ ስንጠይቅ «ውድ ነው ርካሽ?» ከማለት ይልቅ «ይህ ገንዘብ ከጨዋታው ዙሪያ ሰው ጨመረ ወይስ ሰው አስነሳ?» ብንል ወደ ነገሩ እንቀርባለን። ሰው የሚያስነሳ ዋጋ ሕግ ባይጥስም ጨዋታውን በድሏል።

በዚህ መለኪያ ራሳችንንም እንመዝን፤ በካርድ ሰብሳቢ አሜሪካዊ ብቻ መሳለቅ ይቀላልና። ባለፉት ዓመታት በየከተማችን የተስፋፋውን የእግር ኳስ ውርርድ አስቡት። ድሮ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ኳስ የሚያይ ልጅ ለቡድኑ ይጮሃል፤ ከጎኑ ካለው ጋር ይሟገታል። ውርርዱ ከገባ ወዲህ የአርሰናል ማልያ ለብሶ አርሰናል ጎል እንዲገባበት የሚጸልይ አየን። ዓይኑ ሜዳው ላይ አይደለም፤ ትኬቱ ላይ ነው። ከጎኑ ያለው ሰው ምን እንዳለውም አይሰማም። ሆላንዳዊው የታሪክ ሊቅ ዮሃን ሁይዚንጋ እ.ኤ.አ. በ1938 ስለ ጨዋታ በጻፈው መጽሐፍ ጨዋታ ከትርፍ ውጭ የሚደረግ ነገር ነው ብሎ ነበር። አባባሉ ጠበብ ይል ይሆናል፤ ገንዘብ አስይዞ ካርታ የሚጫወት ሁሌም ነበረና። ግን ትርፉ ውስጡ ገብቶ ከጨዋታው በላይ ሲሆን ሁሉም በየትኬቱ ብቻውን እንደሚቀር አይተናል። የካርዱም የውርርዱም በሽታ አንድ ነው።

ምን ይደረግ ታዲያ? የዶላሩን ዋጋ እኔና አንተ አናወርደውም፤ የአሜሪካ ኩባንያም አይሰማንም። ከእኛ እጅ ያልወጣ ነገር ግን አለ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካርድ ይዞ ቢመጣ ልጁ መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ «ስንት ያወጣል?» እንዳይሆን። «እንዴት ነው የሚጫወቱት? አሳየኝ» ይሁን። ልጁ ለጓደኛው ካርድ ባይኖረውና በካርቶን ቆርጦ፣ በእስክሪብቶ ሥሎ ቢሰጠው አትሳቁበት። ውድ ካርድ መግዛት ያቃታቸው የሠለጠነው አገር ተጫዋቾችም በየቤታቸው የካርዱን ቅጂ በወረቀት አትመው ይጫወታሉ። በዚያ የካርቶን ቁራጭ ሁለቱ ልጆች ፊት ለፊት መቀመጥ ከቻሉ ጨዋታው ሙሉ ነው። የተሣለው ፒካቹ አይጥ ባይመስልም፣ ድመት ቢመስልም።

ሰብሳቢውም ቢሆን የያዘውን ሁሉ ይጣል አልልም። ከመቶ ካርዱ አስሩን ለጨዋታ ያውጣ፤ ጠርዙ ይላጥ፤ የሰፈር ልጅ እጅ ይንካው። ከሣጥኑ ወጥቶ የተላጠው ካርድ ዋጋው ይቀንስ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን በሩን የሚያንኳኳ ሰው ይኖረዋል።